የሙቲሶ ውሻ

ማክሰኞ፣ ጁን 4

ዛሬ አራት ሹራብ ጨረስኩ። አረንጓዴ፣ አንገታቸው ቢጫ። ትምህርት ቤቱ ያዘዘው ሃያ ነው። ሁለት ጊዜ ክር ተበጠሰብኝ። ብርዱ ገብቷል፣ የሹራብ ማሽኑም እንደኔ ጠዋት ጠዋት እምቢ ይላል።

ስድስት ሰዓት ላይ የውሾች ማቆያው ጋ ደወልኩ። "ማመልከቻሽ ኃላፊዋ ጠረጴዛ ላይ ነው" አለችኝ ስልኩን ያነሳችው ልጅ። ባለፈው ሳምንትም ጠረጴዛ ላይ ነበር። ምን ዓይነት ጠረጴዛ ነው፣ ወረቀት ገብቶ የማይወጣበት?

የገዛ ልጄን ውሻ ለማምጣት ማመልከቻ!

ልጻፈውና ይውጣልኝ። ማርች ላይ ልጄን ሙቲሶን የጭነት መኪና ገጨብኝ። ሞተር ብስክሌቱ ላይ እንዳለ። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። አገራችን ማኩዌኒ ወስደን ከአባቱ ጎን ቀበርነው፤ እኔም እዚያው ስድስት ሳምንት ቆየሁ። ወደ ቤቴ ማቻኮስ ስመለስ ግቢው ባዶ። ወንድሜ ማውንዱ ቤቱን ሊያይ መጥቶ፣ ውሻው ቀኑን ሙሉ ሲያላዝን ጎረቤት ሲማረር አግኝቶ፣ ለማቆያው አስረክቦታል። "ባለቤት" የሚለው ላይ ፈርሞ። ባለቤት!

ስለዚህ አሁን እኔ እንደማንኛውም መንገደኛ አመልካች ነኝ።

ዓርብ፣ ጁን 7

መደወል ሰለቸኝ፣ ራሴ ሄድኩ። ሁለት ማታቱ ታክሲ ቀይሬ፣ ቀሪውን በእግር። ጭቃ።

ውሻው፣ ስፓና፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነው። ከስቷል። ስሙን ጠራሁት፣ ጆሮውን እንኳ አላነሳም። "እዚህ ኮኮ ነው የምንለው" አለችኝ ልጅቷ። ሙቲሶ ከጋራዥ ሲያመጣው ስፓና ነበር ያለው፣ እንደ ብሎን መፍቻ ዘይት ውስጥ ተነክሮ ስለነበር። ኮኮ... ተኮላሽቷልም። ደንባቸው ነው አሉ። ማንን ጠይቀው? ማውንዱን ነዋ፣ "ባለቤቱን"።

ሽቦውን ይዤ ቆምኩ። "ስፓና፣ ና የኔ ጌታ" አልኩት። ቀስ ብዬ፣ በለሰለሰ ድምፅ። ዞሮ ግድግዳውን አየ።

ቅጹ ላይ "ውሻውን ለምን ፈለጉት?" ይላል። ምን ልበል? ልጄ በሕይወት ሳለ ይሄን ውሻ አንድ ቀን ወድጄው አላውቅም። ጭቃ ያስገባል፣ ክር ይጎትታል፣ ጫማ ይበላል። "ለጥበቃ" ብዬ ጻፍኩ።

ልጅቷ ስትሸኘኝ ምን አለችኝ? "ሌላም ቤተሰብ ጠይቆታል ማማ። ቤታችሁ ታይቶ ነው የሚወሰነው።"

እሑድ፣ ጁን 9

ማውንዱ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ መጣ። ሻይ ሰጠሁት፣ ሌላ ነገር አልሰጠሁትም።

"አሁንም ተቆጥተሻል?"

"አልተቆጣሁም።"

"ስኳር አላደረግሽበትማ።"

"እጅ አለህ፣ አድርግ።"

ስኳሩን እየጨመረ፣ "እህቴ፣ ሌላ ውሻ እኔ አመጣልሻለሁ። ቡችላ። የሞተ ሰው ውሻ ሐዘን ነው የሚያመጣብሽ። በየቀኑ እያየሽው..."

"ሐዘኑ መች ሄደና ነው የሚያመጣው?"

ኩባያውን አስቀመጠና፣ "ያኔ 'ይሄን አውሬ ከፊቴ አጥፉልኝ' ትይ የነበርሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ? ደስ ይላታል ብዬ እኮ ነው!"

እሱ ነው የሚያናድደኝ። እውነቱን ነው። ብዬ ነበር። መቶ ጊዜ ብዬ ነበር።

ዓርብ፣ ጁን 14

አናጺው ዛሬ የውሻ ቤቱን ጨረሰ። ጥሩ እንጨት ነው፣ ቆርቆሮ ክዳን፣ በር ከነመቆለፊያው፣ ለአየር ጠባብ መስኮት። ወለሉ ከመሬት ከፍ ብሏል፣ እንዳይበርደው። የጎረቤቴ የማማ ካሉኪ ዓይን አልተነቀለም።

"ሲዮምቡዋ፣ ይሄን ቤት ውሻው ካልወደደው እኔ እገባበታለሁ።"

"ኪራይ ትከፍያለሽ።"

"እጮህልሻለሁ እንጂ አልከፍልም።"

ሳቅኩ መሰለኝ። ማክሰኞ ከማቆያው ቤቴን የሚያየው ሰው ይመጣል። የትኛው አመልካች ነው እንዲህ ያለ ቤት የሚሠራ? ያ ሌላ ቤተሰብ ይሠራል? አይመስለኝም።

ማክሰኞ፣ ጁን 18

ወደቅሁ።

ሰውዬው ባራሳ ይባላል። ወፍራም፣ ትሁት፣ ጫማውን በር ላይ ያወለቀ። "ማማ ሙቲሶ?" አለኝ ከወረቀቱ አንብቦ። ደነገጥኩ። ከማርች ወዲህ ሰው ሁሉ "ማማ" ብቻ እያለኝ ይሄዳል። የልጄን ስም መጥራት ይፈራሉ።

በኩራት ወደ ጓሮ ወሰድኩት።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ቤቱ ነዋ።"

"መቆለፊያው ለምንድን ነው?"

"ቀን እንዲዘጋበት ነዋ! ማታ እለቀዋለሁ፣ ሌባ እንዲይዝ። ቀን ሰው ካየና ከለመደ ውሻ ይበላሻል።"

ብዕሩን አቆመ። "ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ነው የሚዘጋበት?"

"ከንጋት እስኪመሽ። እንደ ደንቡ።"

"አይሆንም ማማ። በዚህ አናሳልፍም።"

"እንዴት አይሆንም? የዚህ ሰፈር ውሻ ሁሉ እንዲህ ነው የሚኖረው! አባቴም እንዲህ ነበር የሚያኖረው! ሂድ፣ ቀጥሎ ያለውን ቤት እይ፣ ያኛው እንደውም በሰንሰለት ነው!"

"አውቃለሁ" አለ፣ ድምፁን ሳይጨምር። "እኛ ጋ ያሉት ውሾች ከየት የመጡ ይመስልሻል?"

ከዚያ አጥሩን ዞሮ አየ። ከኋላ በኩል ቀዳዳ አለ። ሰው የሚያክል። እሱንም ጻፈ።

ሲወጣ ጫማውን እያሰረ፣ "ልጅሽ ይቆልፍበት ነበር?" አለኝ።

ጫማውን አስሮ ሄደ።

ረቡዕ፣ ጁን 19

አይቆልፍበትም ነበር። ቤትም አልነበረውም። ሞተሩ ሥር ነበር የሚተኛው፣ ቀን ደግሞ ነዳጅ ታንከሩ ላይ ቁጭ ብሎ ከሙቲሶ ጋር ከተማ ሲዞር ይውላል። ሰው ይስቅባቸው ነበር... እኔም አፍር ነበር። ጨዋ ሰው ውሻ እንዴት ነው የሚይዘው ብለው ቢጠይቁኝ የምነግራቸውን ነው የሠራሁት። እሱ እንዴት ይይዘው እንደነበር አንድም ጊዜ አላሰብኩም።

ሦስት ቀን አናጺ ቁሜ አሠራሁ። ለምን? እንዲያዩልኝ?

ቅዳሜ፣ ጁን 22

የውሻ ቤቱን ለማማ ካሉኪ ለዶሮዎቿ ሰጠኋት። "ዶሮዎቼ እንደ ሚኒስትር ሊኖሩ ነው" እያለች አስጎተተችው።

ስምንት ሰዓት ላይ ማውንዱ መጣ። ሽቦ ተሸክሞ፣ ጉጠትና መዶሻ ይዞ። ሰላም አላለኝም፣ ቀጥታ ወደ ጓሮ። ቀዳዳውን ማን ነገረው? ማማ ካሉኪ ናት፣ ሌላ ማን ይሆናል። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሲቀጠቅጥ ዋለ። እጁ ደምቷል።

"ኡጋሊ አለ?" አለኝ ሲጨርስ።

የበቆሎ ገንፎውን በስጋ ወጥ ሰጠሁት። ሻዩም ላይ ስኳር ጨመርኩ። ስለ ውሻው አንድ ቃል አልተነጋገርንም።

ረቡዕ፣ ጁን 26

ባራሳ እንደገና መጥቶ አየ። ሽቦውን በእጁ እየሳበ ሞከረው። በሩን ሁለቴ ከፍቶ ዘጋው። ጠባዬን አሳምሬ ስጠብቅ ግማሽ ቀን አለፈ፣ ሹራቡ ቆሞ።

አለፍኩ... ግን ደግሞ አላለፍኩም። በአደራ ነው የሚሰጡኝ፣ ለአሥራ አራት ቀን። ጁላይ 13 መጥቶ ይመዝነዋል። ከበላና ከለመደኝ የኔ ነው። ከከሳ ለዚያኛው ቤተሰብ ይሄዳል። እነሱም አልፈዋልና። ሁለት ልጆች አሏቸው፣ ትልቅ ሣር ያለበት ግቢ።

"የልጄ ውሻ እኮ ነው" አልኩት። ይሄን ስንት ጊዜ እንዳልኩ አላውቅም።

"ይገባኛል ማማ ሙቲሶ። ግን የት እንደሚሻለው ውሻው ነው የሚያሳየን።"

ቅዳሜ፣ ጁን 29

መጣ። ከመኪናው ወርዶ ግቢውን በሙሉ አሸተተ። የሙቲሶን ክፍል፣ ሞተሩ ይቆምበት የነበረውን ቦታ፣ ዘይቱ አሁንም መሬቱ ላይ አለ። ከዚያ ሄዶ በሩ ሥር ተቀመጠ። ፊቱን ወደ መንገድ አድርጎ።

አልበላም።

ሰኞ፣ ጁላይ 1

አልበላም። ስጋ ገዛሁለት፣ እኔ ከበዓል ወዲህ ያልቀመስኩትን። "ብላ የኔ ቆንጆ፣ ብላ አባቴ" እያልኩ አጠገቡ ተንበረከክሁ። እንግዳ እንደሚለማመጥ። አንገቱን ላሻሸው ስል ፈቀቅ አለ።

ሞተር ባለፈ ቁጥር ይነሳል። መንገዳችን ላይ ደግሞ በቀን ስንት ሞተር ያልፋል! ተነሳ፣ ቁጭ አለ፣ ተነሳ፣ ቁጭ አለ።

እኔም እነሳለሁ። ማን ያየኛል።

ሐሙስ፣ ጁላይ 4

ባራሳ ደወለ። "እንዴት ነው?" "ደህና ነው" አልኩት። ዋሸሁ። ውሃ ብቻ ነው የሚጠጣው፣ አልፎ አልፎ አንድ ጉርሻ።

ሙቲሶ ምን ነበር የሚያበላው? አላውቅም! አንድ ቤት ውስጥ አራት ዓመት ኖሮ፣ አላውቅም። ሞተር ተራው ጋ ሄጄ ጓደኞቹን ጠየቅሁ። "ኡጋሊ በደረቅ ዓሣ፣ ማማ። ከእጁ ነበር የሚጎርሰው" አሉኝ። ዓሣ ገዝቼ ሠራሁለት። በእጄ ሰጠሁት። አሸተተ፣ እጄን አየ፣ ተወው።

ማሽኑ ጋ ተቀምጬ አንድ እጅጌ እንኳ ሳልጨርስ ዋልኩ። አለቀስኩ ብዬ አልጽፍም። ተናደድኩ። ምን አደረግሁህ? ማን አለህ ከኔ ሌላ?

ሰኞ፣ ጁላይ 8

ይሄን በደንብ ልጻፈው።

ጠዋት የተጠናቀቁትን ሹራቦች አልጋ ላይ ደርድሬ ነበር። አሥራ ዘጠኙ ደህና። ሃያኛውን እየሰፋሁ ሳለ አንድ ነገር ሲጎተት ሰማሁ። ስፓና የአንዱን እጅጌ በአፉ ይዞ ወደ በሩ እየጎተተ ነው፣ ክሩ ወለሉ ላይ እንደ አንጀት ተዘርግፏል። ነገ ማስረከቢያ ቀን ነው!

"አንተ የሰይጣን ቁራጭ!" አልኩ። እንዴት እንደወጣ አላውቅም። "ልቀቅ! ልቀቅ ብያለሁ! ውጣ ከቤቴ፣ አንተ ቆሻሻ፣ አንተ ሌባ፣ እግርህን ነው የምሰብርልህ!"

ማሽኑ ላይ ያለውን ማስመሪያ አንስቼ ተነሳሁ። ከማርች ወዲህ እንዲህ ጮኼ አላውቅም። ከዚያ ፈራሁ። በቃ አበላሸሁት፣ አለቀ፣ አልኩ።

ስፓና እጅጌውን ጣለ። አየኝ። መጀመሪያ ጆሮው ተነሳ። ከዚያ ጅራቱ... ወለሉን ቧ፣ ቧ፣ ቧ። ሮጦ ወጣ፣ በሩ ላይ ዞሮ ቆመ፣ እንደ ድሮው ምላሱን አውጥቶ። ድሮ ስጮህበት እዚያው ነበር የሚቆመው። ሙቲሶ ሲስቅ ሁለቱም አብረው ይሮጡ ነበር።

ማስመሪያውን ይዤ ቀረሁ።

ዘጠኝ ቀን ሙሉ "የኔ ቆንጆ፣ የኔ ጌታ" የምትል ሴትዮ ከየት መጣች ብሎ ነው የኖረው። አያውቃትማ! እሱ የሚያውቀኝ በስድቤ ነው።

"ምን ታያለህ?" አልኩት። "ደንቆሮ! ዓሣው ቀዘቀዘ እኮ! አንተ ስትግደረደር ለማን ሠራሁት? ና ብላ!"

መጣ። በላ። ሳህኑን እየገፋ እስከ ግድግዳው አደረሰው።

ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ክሩን ስሰበስብ ሳቄ አላቆም አለኝ፣ ከዚያ ሳቅ አልነበረም።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 9

ሹራቦቹን አንድ ቀን አራዘሙልኝ። እጅጌውን እንደ አዲስ ሠራሁት።

ማማ ካሉኪ በአጥር በኩል፣ "ከጠዋት ጀምሮ ከማን ጋር ነው የምትጣይው?"

"ከስፓና ጋር።"

"ምን አደረገሽ?"

"ምንም።"

"እና?"

"ቁርሱን ስለጨረሰ ነው።"

"ሄጄ ለማውንዱ ልደውል?" አለች።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 13

ባራሳ ይመጣል ያለው በአራት ሰዓት ነው፣ በሦስት ከሩብ መጣ። እኔ ደግሞ ልክ ያን ጊዜ፣ "ከዚያ ባልዲ ውስጥ አፍህን አውጣ፣ አንተ የጅብ ልጅ! ቀጥቅጬ ነው የምጥልህ!" እያልኩ። ቀና ስል በሩ ላይ ቆሟል። ወረቀቱን ይዞ።

ለመቆለፊያ የጣለኝ ሰውዬ ይሄን ሰምቶ ምን ይላል?

"ማማ ሙቲሶ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምታናግሪው?"

አሁን "አይ፣ ዛሬ ብቻ ነው" ማለት እችል ነበር። ደከመኝ መዋሸት። "ሁልጊዜ" አልኩት። "ልጄ በሕይወት ሳለም እንዲህ ነበር የማናግረው። ቀስ ብዬ ሳናግረው በረሃብ ሊሞትብኝ ነበር። መትቼው ግን አላውቅም። ካላመንከኝ እሱን እይ።"

ስፓና ከባልዲው ውሃ እያንጠባጠበ መጥቶ ቀሚሴ ላይ ራሱን ጠረገ። የክት ቀሚሴ ላይ! "ሂድ ወዲያ!" አልኩት። ጭራሽ እግሬ ላይ ተደገፈ።

ባራሳ ሚዛኑን ከመኪናው አወረደ። ሁለት ኪሎ ጨምሯል።

"ስድብ ቅጹ ላይ የለም" አለ። "ዓመት ሙሉ ቆሜ ባነብ የለም።" ወረቀቱን ሰጠኝ።

ብዕር ይዤ ተቀመጥኩ። "ባለቤት" የሚል መስመር አለ። እጄ "ሙ" ብሎ ጀመረ። ቆምኩ። ባራሳ አጥሩን ያያል። ስንት ጊዜ ነው ለስንት ሰው የልጄ ውሻ ነው፣ የልጄ ውሻ ነው ያልኩት...

ሰረዝኩትና "ሲዮምቡዋ" ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩ።

ይሄን ስጽፍ እግሬ ላይ ተጋድሟል። ከባድ ነው። ተነስ ብየዋለሁ፣ ሁለቴ። መንገዱ ላይ ሞተር አለፈ። ጆሮውን አነሳ፣ ሰማ፣ መልሶ ተኛ።