ከእማዬ ፎቶ ላይ የተቆረጠው ውሻ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለይሳቅ፤

እንዴት ሰነበትክልኝ? ያ ሲያስቸግርህ የነበረው ወገብህስ ተሻለው? ባለቤትህ ዮርዲ እንዴት ናት? ልጃችሁ ኒቆዲሞስስ? ጅቡቲም እንደ እኛ ሙቀቱ ጉድ አፍልቷል ሲሉ ሰምቼ ሳስባችሁ ነው የሰነበትኩት። እኔ ከሐዘኑ በቀር ጤናዬ ደህና ነው፤ ፈጣሪ ይመስገን።

በወረቀት የጻፍኩልህ ስልክ ላይ ድምፄ ከፍ ሲል ስለምትዘጋብኝ ነው። የጭነት መኪና የሚነዳው ጎረቤታችን ዒልሚ በእጅህ ይሰጥሃል። «ከእማዬ አርባ በኋላ ውሾቹን አስወግጂና ግቢውን ለባለመጋዘኑ ለሣህሉ እናከራየው» ያልከኝ መልእክት ደርሶኛል። መልስ አለኝ። መጀመሪያ ግን አርባዋ እንዴት እንደወጣ ስማ፤ እኔ እዚያ ቁጭ ብዬ የዋጥኩትን አንተም ትንሽ ቅመሰው።

ጠዋት ድንኳኑ ውስጥ ስገባ ያ በቴሌግራም አዘህ ያሠራኸው ባነር ተሰቅሏል። እማዬ ግቢዋ ውስጥ ቁጭ ብላ የምትስቅበት ፎቶ ነው፤ ታውቀዋለህ። እጇ ያረፈው በውሻዋ በካቦ ራስ ላይ ነበር። አሁን ካቦ የለም! «ውሻ ያለበት ፎቶ በተዝካር አይሆንም፣ ቁረጡት» ብለህ ልከሃል አሉኝ። እነሱም ቆረጡት። እማዬ አየር እየዳበሰች ትስቃለች። አንድ ጆሮው ደግሞ ብብቷ ሥር ቀርቷል፤ እሱን እንኳ በደንብ አላጠፉትም። ኤዲያ! እውነቱን ልንገርህ፣ ይሳቅ፤ ሴትዮዋን ለማክበር ብላችሁ ዕድሜዋን ቆርጣችሁ ጣላችሁት።

አንተ ቀድመህ ወደ ጅቡቲ ስለሄድክ የውሾቹን ነገር አጀማመር አላየኸውም። እዚህ ከተማ ባለመጋዘን የሆነ ሁሉ ፖሊስ ውሻ የሚባለውን ዘር ካልገዛ ባለመጋዘን የሆነ አይመስለውም። ቡችላ ሳለ ለሰው እያሳየ ይኩራራበታል። ውሻው ሲያረጅ የዘሩ ነገር ሆኖ ዳሌው ይደክምና የኋላ እግሩን መጎተት ይጀምራል። ያኔ ፒካፕ ላይ ይጭነውና ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ጥሎት ይሄዳል። እማዬ ከቀፊራ ገበያ ስትመለስ አንዱን አገኘች፣ በጋሪ ጭና አመጣችው፣ ከዚያ በኋላ ማን ያቁማት! ማኅበር አቋቋመች፣ ፈቃድ አወጣች፣ በሩ ላይ ታፔላ ሰቀለች። ለምን እነዚህን ብቻ ስንላት «የመንደር ውሻ መንገድ ላይ መኖር ያውቅበታል፤ እነዚህ ግን ሳህን ካልቀረበላቸው ቁጭ ብለው ይሞታሉ» ትል ነበር። እስኪደክማት ድረስ አጥንት እየለመነች፣ ቁስል እያጠበች ኖረች። ሰፈሩም «የውሻዋ ሴትዮ» ብሎ ስም አወጣላት። እድርተኞቹ ቤቷ መጥተው ውኃ እንኳ አይቀምሱም ነበር፤ ብርጭቆውን ተቀብለው እግራቸው ሥር ያስቀምጡታል።

እነዚያው ሰዎች ናቸው በአርባዋ ቀን ሥጋውን ደጋግመው ያስጨመሩት። ከዚያ የእድሩ ሊቀመንበር ሣህሉ ተነሣ። ጋሽ ሣህሉ ልለው ነበር፣ አፌ እምቢ አለኝ። መሀረቡን ዓይኑ ላይ እያስነካ «ወይዘሮ ይርገዱ የፍጥረት ሁሉ እናት ነበሩ፤ እኔም ሁልጊዜ ከጎናቸው ነበርኩ» አለ። ከጎኗ! ካቦ የማን ውሻ እንደነበር ታውቃለህ? የሱ ነው። መጋዘኑን ሲጠብቅ አርጅቶ እሱ ራሱ ነው ደቻቱ ያስጣለው። እማዬ ለምን ጣልከው ብላ ልትጠይቀው ስትሄድ በዘበኛ አስመልሷታል። አሁን ደግሞ የራሱ ውሻ የተቆረጠበት ባነር ሥር ቆሞ ያለቅሳል።

ውሾቹን እንግዳ እንዳያስቀይሙ ብለው ጓሮ ባለችው ቆርቆሮ ቤት ቆልፈውባቸው ነበር፤ በዚህ በግንቦት ሙቀት! ውኃ ልሰጣቸው በሩን ስከፍት ካቦ በእግሬ መሀል ሾልኮ ወጣ። የሣህሉን ድምፅ ሰምቶታላ። የኋላ እግሩን እየጎተተ ድንኳኑ ውስጥ ገባና ሣህሉ ጫማ ላይ ራሱን አሳርፎ ጭራውን ይቆላ ጀመር። ሣህሉ ዝቅ ብሎ አየው፤ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ይሄ ደግሞ የማን ነው?» ሱሪውን በሶፍት ጠረገና በጫማው ገፋው። አንድም ሰው «ያንተ ነው» አላለውም፤ ሁሉም ሳህኑን ያያል። እኔ አልኩት፣ ጮክ ብዬ። ዘመዶቻችን «አዋረድሽን» ብለው እስካሁን አኩርፈውኛል። ያኩርፉ!

በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ተነሥተው የመጡት አዴ ናሲሞ ብቻ ናቸው፣ ከመጋላ ሰፈር እየመጡ እማዬን ሲያግዙ የኖሩት። ሙስሊም ናቸው፤ የውሻ ምራቅ ለሶላት እንደማይሆን ከማንም በላይ ያውቃሉ። ስለዚህ ከበራችን ጀርባ ሚስማር ላይ ለውሾቹ ብቻ የሚለብሱት አሮጌ ድሪያ ቀሚስ አላቸው። ያንን ለብሰው ያበላሉ፣ ቁስል ያጥባሉ፤ ከዚያ አውልቀው በአፈርና በውኃ ታጥበው ወደ ሶላታቸው ይሄዳሉ። ያን ቀን ግን የክት ልብሳቸውን እንደለበሱ ካቦን አቅፈው አነሡት። «ወላሂ፣ እንዲህ ካለው ሰው ይልቅ እሱን ባቅፍ ይሻለኛል፤ እኔ ታጥቤ እጠራለሁ» አሉኝ። አቦ፣ እዚያው ለቅሶዬ መጣ።

እንግዶቹ ሲበተኑ ሣህሉ ጠጋ ብሎ መርዝ የሚያስቀምጥ ሰው እንደሚያውቅ፣ ውሾቹ ሳይሠቃዩ ግቢው ባዶ እንደሚሆን፣ አንተም እንደተስማማህ ነገረኝ። ስለ መርዙ ታውቅ እንደሆነ አልጠይቅህም፤ መልስህን እፈራዋለሁ።

የኔ መልስ ይሄውልህ። የተከራየሁትን ቤት ለቅቄ እማዬ ክፍል ውስጥ ገብቻለሁ። ታፔላው አይወርድም። ግቢውን ለማከራየት የጠየቅኸኝን ውክልና አልልክም። ግማሹ ግቢ ያንተ መሆኑን አልካድኩም፤ ወራሽ ነህ። ነገር ግን እማዬ የተወችው ቤት ብቻ አይደለም። ድርሻዬን ካልክ ና፣ ግማሾቹን ውሾችም ቆጥሬ አስረክብሃለሁ። ካቦ ሽማግሌ ስለሆነ ለታላቁ ልጅ ይገባል። እዚያ ጅቡቲ ወስደህ ራስህ አጉርሰው፤ ወይም ራስህ ግደለው። በሰው እጅ ግን አይሆንም።

ለዮርዲ ናፍቆቴን ንገርልኝ፤ እሷ ምንም አላደረገችኝም። ኒቆዲሞስን ሁለቱን ጉንጮቹን ሳምልኝ። ለአማትህ ለእትዬ ዘርፈሽ ጤናቸውን መጠየቄን፣ ጉልበታቸውንም እግዜር እንዲያበረታ መመኘቴን አድርስልኝ። አዴ ናሲሞ «ሰላም በይልኝ፣ እናቱን ያስብ» ብለዋል። ውሾቹ ስለማያውቁህ ሰላምታ አልላኩልህም። ስትመጣ ከበሩ ውጭ ቆመህ ጥራኝ።

እህትህ እፀገነት

ድሬ ዳዋ፣ ግንቦት ፲፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.