የ«ግራኙ ቋጪ» ደራሲ የወ/ሮ በለጥሻቸው ዘውገ የሕይወት ታሪክ

እናታችን ወ/ሮ በለጥሻቸው ዘውገ ከአባታቸው ከአቶ ዘውገ ንዳ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ማሚቱ ሳህሌ ጥቅምት 4 ቀን 1951 ዓ.ም. አዲስ ከተማ፣ ከሸማ ተራ ጀርባ በነበረች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ሲወለዱ ሳያለቅሱ ዓይናቸውን አፍጥጠው ሰውን በማየታቸው፣ ያን ዕለት የጮኹት አዋላጇ ናቸው እየተባለ በቤተሰቡ ይወራል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እዚያው ሰፈር ትምህርት ቤት ገብተው እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተምረዋል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የክፍል ጓደኞቻቸው ከቤት እየወጡ ሲቀሩ፣ አባታቸው ከሸማ ሱቃቸው ውጭ እንዳይታዩ ከለከሏቸው። ከነጠላ ክምር ጀርባ ተደብቀው በመጠቅለያ ወረቀት ላይ መጻፍ የጀመሩት ያኔ ነው። በጽሑፋቸው ውስጥ የጠፋ ሰው ሁሉ ይገኝ ነበር።

በ1976 ዓ.ም. ከአቶ ሃብታሙ ጋር በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ተጋብተው ይህን የምጽፈውን እኔን ሔርሜላንና ወንድሜን ይስሐቅን ወልደዋል። የአባታቸውን ሱቅ ተረክበው ጋቢና ነጠላ እየሸጡ፣ በ1986 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ለልጆች የተጻፈ የምስጢር ልብ ወለዳቸውን አሳተሙ። በጠቅላላው ዘጠኝ መጻሕፍት ጽፈዋል። በሁሉም ውስጥ ልጆች የጠፋ ዕቃ ይፈልጋሉ፣ ዱካ ይከተላሉ፣ ሌባ ይይዛሉ። የመርካቶ ልጆች መጻሕፍቱን እየተሻሙ ያነቧቸው ነበር። ማታ ብቻችንን ሽንት ቤት መሄድ እስክንፈራ ድረስ ያስፈራሩን ነበር፤ እኛም እንወደው ነበር።

ከሁሉ የታወቀው በ1990 ዓ.ም. የወጣው «ግራኙ ቋጪ» ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ሌባው የጋቢ ጫፍ እየገመደ የሚቋጭ፣ በግራ እጁ የሚሠራ፣ ሲሠራ የሚያፏጭ ሰው ነው። እናታችን ይህን ከራሳቸው አላመጡትም። ከሱቃቸው ደጃፍ ተቀምጠው ጋቢ የሚቋጩላቸው አቶ ማሙሸት ፈለቀ ግራኝ ነበሩ፣ ያፏጩም ነበር። መጽሐፉን ሲያዩ ስቀው፣ «እትዬ በለጡ፣ ሌባ አደረጉኝ አይደል!» ማለታቸውን አስታውሳለሁ።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን የምናገረው እናታችን ራሳቸው ስላዘዙ ነው።

በጥር ወር 1991 ዓ.ም. ለሠርግ የታዘዙ ስድስት ጋቢዎች ጠፉ። አቶ ማሙሸት ቋጭተው እንዳስረከቡ ተናገሩ፤ እናታችን ደግሞ አልተቀበልኩም አሉ። ይህን የሰማን ልጆች መጽሐፉን ያነበብን ነበርንና ነገሩ ሁሉ ግልጽ ሆኖ ታየን። ማስታወሻ ደብተር ይዘን አቶ ማሙሸትን እስከ ሲኒማ ራስ ተከተልናቸው። እዚያ ሲደርሱ ከመካከላችን አንዷ «ሌባ!» ብላ ጮኸች። መርካቶ ውስጥ ይህ ቃል ከአፍ ከወጣ እንደማይመለስ እዚህ የተሰበሰባችሁ ታውቃላችሁ። ሰው ከየአቅጣጫው ጎረፈ። አቶ ማሙሸት በሕይወት ተረፉ፤ የግራ እጃቸው ግን ሦስት ቦታ ተሰበረ፣ ከዚያም በኋላ ፈትል አልያዘም። የጮኸችው ልጅ እኔ ነበርኩ።

አቶ ማሙሸት ከዳኑ በኋላ ዱባይ ተራ ባለ አንድ ሕንፃ በጥበቃ ተቀጠሩ። እናታችን ሲያልፉ በቀኝ እጃቸው ኮፍያቸውን አንስተው «እትዬ በለጡ፣ ደህና አደሩ?» ይሏቸው ነበር። እናታችን ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ስበው እርምጃቸውን ያፈጥኑ ነበር። ኋላ ኋላ በዚያ በኩል ማለፉን ተዉት፤ ቤት ለመድረስ ግማሽ መርካቶን ይዞሩ ጀመር። በር ሲንኳኳ ይደነግጣሉ፤ ፉጨት ሲሰሙ የያዙት ብርጭቆ ይወድቃል። እኛ ሰውየውን የሚፈሩ መስሎን ሰውየውን ጠላን።

ከዚያ ወዲህ በታተሙት መጻሕፍታቸው ላይ አንድ ልማድ አመጡ። መጽሐፉን ለልጅ ሲሰጡ የመጨረሻዋን ገጽ ቀደው መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጣሉ። ልጁ አንብቦ ሲመጣ ማንን እንደጠረጠረና በምን ማስረጃ እንደሆነ ይጠይቁታል። «ፊቱ ያስጠላል» ወይም «ሁሉም እሱ ነው ይላል» ያለ ልጅ ገጿን አያገኝም፤ «ሂድና እንደገና አንብብ» ተብሎ ይመለሳል። ገበያተኛው የንግድ ብልሃት ነው እያለ ያደንቃቸው ነበር። እኔም ልጆቼን ይዤ እየሄድኩ ስቄበታለሁ።

ባለቤታቸው አቶ ሃብታሙ በ2004 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ብቻቸውን ሱቁን ያስተዳድሩ ነበር። ባለፈው ዓመት ሸማ ተራ ሲቃጠል ሁሉም ሸማውን ሲያሸሽ እናታችን አንድ የታሸገ ካርቶን ብቻ አቅፈው ወጡ። ያልታተመ ድርሰት መስሎን ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ልባቸው ደከመ። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. ማለዳ በተወለዱ በ67 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። እናታችን የሁለት ልጆች እናትና የሦስት ልጆች አያት ነበሩ።

ትናንት ካርቶኑን ስንከፍት ስድስቱን ጋቢዎች ጫፋቸው እንደተቋጨ አገኘናቸው። ከላይ «የመጨረሻ ገጽ» የሚል ፖስታ ነበር። እናታችን በገዛ እጃቸው እንደጻፉት፣ ጋቢዎቹን አቶ ማሙሸት አስረክበዋል። በዚያው ቀን ከማተሚያ ቤት መጽሐፍ ሲመጣ ቦታ ለማስለቀቅ እናታችን ራሳቸው ከመጽሐፍ ሣጥኖች ሥር ከተቷቸው፣ ረሷቸውም። ከድብደባው በሦስተኛው ቀን አገኟቸው። «ያ ሕዝብ ወደ እኔና ወደ ልጄ እንዳይዞር ፈራሁ። ነገ እናገራለሁ እያልኩ ሃያ ስድስት ዓመት አለፈኝ። ስሞት በቀብሬ ላይ ይነበብ፤ ያኔ የሚነካኝ የለም» ይላል።

ወንድሜ ይስሐቅ እንዳላነበው ለመነኝ። የእድራችን ዳኛም «ልጄ፣ ይህ የስንብት ቀን ነው፤ እሷንም አንቺንም ታዋርጃለሽ» አሉኝ። እኔም ፈርቻለሁ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ዱባይ ተራ ሄጄ ለአቶ ማሙሸት ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ማን እንደጮኸችም ጭምር። ኮፍያቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ፣ «ሌባ ስባል መርካቶ በሙሉ ሰምቷል። አንቺም ድምፅሽ እስከሚደርስበት ጮክ ብለሽ አንብቢው» አሉኝ። ይምጡ ይቅሩ አልነገሩኝም፤ እኔም መጠየቅ ፈራሁ።

ስለዚህ እናንተ በዚህ የቆማችሁ፣ ያን ዕለት ሲኒማ ራስ የነበራችሁም ያልነበራችሁም ስሙ። አቶ ማሙሸት ፈለቀ አልሰረቁም። ጋቢዎቹን ሠርተው፣ ቆጥረው፣ አስረክበዋል። አልሰረቁም።

እግዚአብሔር የእናታችንን ነፍስ ፍርሃት በማይገባበት ስፍራ ያሳርፍልን፤ ለአቶ ማሙሸት ይቅር የሚል ልብ፣ ለእኛም ሳናውቅ ከመጮኽ የሚጠብቅ አፍ ይስጠን። አሜን።