የሀብቴ ዕድሜ ነገር

ዛሬ የካቲት 9 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ጠቁሮ በልጉ መጣ ስንል ነፋስ በተነው። ይህን ስጽፍልህ እማማ አጠገቤ ጋደም ብላለች፤ ልጄ ትንሣኤ ምስር ትለቅማለች፤ ባለቤቴ ሀብቴ ከትምህርት ቤት ገና አልተመለሰም።

ለምሳሳልህ ወንድሜ ለስዩም፣ ካለህበት ዶሃ ድረስ የናፍቆት ሰላምታዬ ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? የተማሪ አውቶቡስ መንዳቱ ወገቤን ያዘኝ ብለህ ነበር፤ ተሻለህ ወይስ ለእኛ እየደበቅህ ነው? ሙቀቱስ እንዴት አድርጎሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለን። እማማም ጉልበቷን ከማለት በቀር ደህና ናት።

የሀብቴን ጉዳይ በስልክ ልነግርህ ብሞክር መስመሩ እየተቆረጠ አስቸገረኝ፤ በደብዳቤ ጽፌ አዲስ አበባ በሚሄድ ሾፌር እጅ ብልከው፣ ከዚያም በፖስታ ቢደርስህ ይሻላል ብዬ ነው።

የምትሠራበት ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ይፈልጋል ካልከን ጀምሮ ሀብቴ ሌላ ሰው ሆኖ ነበር። ጦርነቱ እንደሆነ እዚህ የሚያስተምርበትን ትምህርት ቤት ባዶ አድርጎት ነው የሄደው። ዴስኩ ተማግዷል፤ ልጆቹ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይማራሉ። እኛም ላማችን የለችም፣ ደመወዙም መልክ አልያዘም። ያንተን ወሬ ከሰማ ወዲህ እንግሊዝኛ ጮክ ብሎ ሲለማመድ እማማ «ከማን ጋር ነው የሚጣላው?» እያለች ትስቅበት ነበር።

አስቀጣሪዎቹ ግን ሃምሳ ዓመት የሞላውን አንቀበልም አሉ። ሀብቴ በፓስፖርቱ ሃምሳ ሁለት ነው፤ በእውነቱ ግን ሃምሳ አልደፈነም። አንተ ሕፃን ስለነበርክ አታውቀውም። ክፍል እያጠፈ ተምሮ በአሥራ ስድስት ዓመቱ አሥራ ሁለተኛን ሲጨርስ፣ ለመምህርነት ሥልጠና ዕድሜህ አልደረሰም ብለው መለሱት። ጎረቤታችን አባባ አብዱልሐሊም የአባቱ ወዳጅ ናቸውና ቀበሌ ሄደው አሥራ ስምንት ሞልቶታል ሊሉለት አሰቡ። ኋላ እንዳይጠራጠሩ ብለው አንድ ዓመት ትርፍ ጨመሩለትና አሥራ ዘጠኝ ብለው መሰከሩ። በዚያ ተቀጠረ፤ በዚያው ኖረ።

ዕድሜውን በፍርድ ቤት አስተካክሉ ስትለን ምስክር ፈለግን። ልደቱን ከሚያውቁት በሕይወት ያሉት አባባ ብቻ ናቸው። ስንጠይቃቸው ሳቁ። «ትልቅ ነው ብዬ ያስቀጠርኩትን ልጅ ዛሬ ትንሽ ነው ልበል? እላለሁ፤ ይኸኛውማ እውነት ነው» አሉ። ሦስታችን ወልድያ ሄድን። በሚኒባሱ ውስጥ አባባ «እንዲህ እያነሰ ከሄደ ስንመለስ አዝዬው ነው የምገባ» እያሉ ተሳፋሪውን ሁሉ አሳቁት።

ዳኛው ከዚህ በፊት ስለዚህ ሰው ዕድሜ መስክረው ያውቁ እንደሆነ ጠየቋቸው። አባባ መዋሸት አልፈለጉም። «አዎ ጌታዬ፣ ሦስት ዓመት የጨመርኩለት እኔው ነኝ። አሁን ልቀንስለት መጣሁ» አሉ። ሰዉ ሳቀ፤ ዳኛው አልሳቁም። በአንድ ጉዳይ ሁለት ቃል የሰጠ ምስክር አይታመንም፣ ሲቀጠር የተመዘገበውም ዕድሜ አይነካም ብለው አሰናበቱን።

በመመለሻችን መርሳ ልንደርስ ስንል አባባ «ልጄ፣ አስረጀሁህ» አሉት። ሀብቴ እጃቸውን ይዞ «እንጀራዬን የሰጡኝ አንቱ ነዎት» አላቸው።

ከዚያ ወዲህ እንግሊዝኛውን ትቶታል። ለማስተማር አርጅተሃል የተባለ ሰው በማግስቱ ተነስቶ ሊያስተምር ይሄዳል፤ ምን ብዬ እንደማጽናናው አላውቅም። አባባም ከቤት አልወጡም። ልጃቸው ቶይባ፣ እህል አልቀምስም አሉኝ ብላ አለቀሰችብኝ።

እማማ ግንባርህን ትስምሃለች። ትንሣኤ አጎቴ ፎቶህን ላክልኝ ትላለች። ቶይባ ሰላም ብላሃለች። ሀብቴም «ደክሞልኛል፣ አይዘን በይልኝ» ብሏል። አብሮህ ለሚኖረው ለዮሐንስ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ደብዳቤው ሳይዘጋ አደረ። ዛሬ ጠዋት ያደረግሁትንም ማወቅ አለብህ። ሀብቴ ከወጣ በኋላ አጥሚት ሠርቼ ወደ አባባ ቤት ገባሁ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኝተዋል። ሳትደውል ስዩም ደውሎ ነበር አልኳቸው። ትምህርት ቤቱ ወልድያ ከመሄዳችን በፊት ሌላ ሰው ቀጥሮ ኖሯል፤ ዕድሜው ቢስተካከልም የሚጠቅመው አልነበረም አልኳቸው። ዞረው አዩኝና «ወላሂ በይ» አሉኝ። «በማርያም» አልኳቸው። ቀስ ብለው ተነስተው ተቀመጡ። ቶይባ እጃቸውን አስታጠበቻቸው፤ አጥሚቱን ጠጡ። ኩባያውን አጥቤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

እንግዲህ ወንድሜ፣ ቦታውን ሌላ ሰው ይያዘው። አባባ ከደወሉልህም እንዲሁ በላቸው።

እህትህ አለሚቱ
መርሳ፣ ሀብሩ
የካቲት 10 ቀን 2014 ዓ.ም.