የኋለኛውን ፊት እያዩ መቅደም

አትላንታ፣ ሐምሌ 1979

ለጓደኛዬ ለዘገየ፣ ግራ የገባኝ ነገር አለ። እህቴ ሉሊት ከምትኖርበት ሰፈር ከቻምብሊ በመኪና ወንዝ ዳር ወሰደችኝ። ሽማግሌዎች ተሰብስበው የወጣትነት የጀልባ ውድድራቸውን ያወራሉ። አንዱ፣ «የቀደምኩትን ሰው ፊት እስከ ዛሬ አልረሳሁም» ማለቱን ሉሊት ተረጎመችልኝ። ኋላ የቀረ ሰው ፊቱ እንዴት ይታያል? ለካ እዚህ ቀዛፊው ጀርባውን ወደሚሄድበት ሰጥቶ ነው የሚቀዝፈው! አበዱ እንዴ አልኩ። የሚቀድመው የኋለኛውን እያየ ይገባል። እኛ ጣና ላይ በታንኳ ስንሽቀዳደም የምናየው ፊት ፊታችንን ነው። የቀደምኩህ ቀን አንዴም አልዞርኩም፤ እንዴት እንደቀረህ አላየሁም። ከወንዙ ከተመለስኩ ወዲህ ይኸው ይከነክነኛል።

ፖስት ካርዱ ሞላ። የሺእመቤትንና ልጆቹን ሳምልኝ። እውነቱን ግን ጻፍልኝ፤ አባቴ ዳር ቆሞ ስለሚያየኝ ብለህ አውቀህ ነው የቀረኸው?

አክሊሉ