ክዳን የጎደለው ማስታወቂያ

ጥቅምት 6 ቀን 1976፣ ፍኖተ ሰላም

ምሳ እትዬ ዙፋን ምግብ ቤት። ከእኔ ሌላ ሁለት ሰው ብቻ። መንገዱ ዳር አዲስ ቤት ተከፍቶ ደንበኛው ሁሉ ወደዚያ ነጎደ። «ወሩን አይቼ ካልሆነ ዘግቼ ፈረስ ቤት ከተማ ወንድሜ ዘንድ እገባለሁ» አሉኝ። ደነገጥኩ። ይህን ሽሮ ከየት ላገኘው ነው? ምሳውን በየቢሮው ቢያደርሱስ? ማስታወቂያውን እኔ እሠራለሁ አልኳቸው። ክረምቱን አዲስ አበባ በመምህራን ኮርስ ስለ መገናኛ ብዙኃን የተማርኩት ለመቼ ነው?

ጥቅምት 8

አለቀ! የሣልኩት እትዬ ዙፋን ትሪ ይዘው በመንገድ ሲሄዱ ነው። ዶሮው፣ ዕንቁላሉ፣ እንፋሎቱ... ሁሉም ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ልክ ኮርሱ ላይ እንዳየሁት የፈረንጅ መጽሔት። ከሥሩ «ምሳዎን ካሉበት እናመጣለን!» ቀበሌም ማኅተሙን መታበት። በየቢሮው በር ለጠፍኩ።

እትዬ ዙፋን ትሪውን ትኩር ብለው አዩት። ከዚያ «እጅዎ ይባረክ» አሉኝ። ደስ ብሏቸው ነው መሰለኝ።

ጥቅምት 11

አንድም ያዘዘ የለም። ሰው ቆሞ ያያል፣ ይሄዳል። ለምን?

ጥቅምት 13

አንዱን ቅጂ ክፍል ይዤ ገባሁ። የጥሩ ማስታወቂያ ምሳሌ ብዬ! ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፦ ላኪው ማነው? ተቀባዩስ? ዓይን ምን ያያል? ልብ ደግሞ ምን ያስባል?

ተማሪዬ ይርሳው ዓይን የሚያየውን ዘረዘረ። ጎበዝ። ልብ የሚያስበው ጋ ስንደርስ ከቡሬ የመጣችው አቻምየለሽ ተነሣች።

«ሥዕሉስ ያምራል ጋሼ... ግና ክዳኑስ?»

«የምን ክዳን?»

«ምግብ ገላልጦ በመንገድ የሚሄድ አለ? እስኪደርስ ስንት ዓይን አርፎበት! እናቴ ብታየው ለውሻም አትሰጠውም።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ፤ ነገሩ ግን ገባኝ። ላኪው ያስጎመጃል ብሎ ላከ፤ ተቀባዩ ያየው ዓይን የበላውን ትራፊ ነው። ይህንኑ እኮ ነው ለፈተና ጽፌ ያለፍኩት! ተማሪዎቹ ማን ሣለው ብለው ጠየቁኝ። ምን አደርጋለሁ? እኔ ነኝ አልኳቸው።

ከትምህርት እንደወጣሁ እትዬ ዙፋን ዘንድ ሮጥኩ።

«ክዳን እንደሌለው አስተውለው ነበር?»

«ገና ሳየው።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ያን ያህል ደክመውበት! በምን አፌ፣ መምህር?»

ይሉኝታ... ለእኔ ይሉኝታ ሲሉ ፈረስ ቤት ሊገቡ ነበር እኮ!

ጥቅምት 14

ቀለም ይዤ በየቢሮው ዞርኩ። ትሪውን በነጭ ጨርቅ ከደንኩት። ያ የለፋሁበት ዕንቁላል... አንጀቴን በላው። አቻምየለሽ «ተከድኖ የመጣ» የሚል አስጨመረችኝ። ምግብ የማይታይበት የምግብ ማስታወቂያ! የኮርሱ መምህሬ ቢያዩኝ ምን ይሉ ይሆን?

ጥቅምት 23

ዛሬ ለቢሮ ብቻ አሥራ አራት ምሳ! እትዬ ዙፋን ጎረቤታቸውን ንግሥቴን ለእርዳታ ይዘዋል። ስለ ፈረስ ቤት ሳነሣባቸው «የት ሄጄ!» ብለው ሳቁብኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ።

የእኔን ምሳ የሚያደርስ ግን ጠፋ። ራሴ ልወስድ ሄድኩ። መክደኛ ጨርቁ ሁሉ ከደንበኛ ምሳ ጋር ወጥቷል። ትሪውን ይዤ ደጃፍ ላይ ቆምኩ። መንገዱ በሰው ተሞልቷል። እንዴት ልለፍ? ኮቴን አወለቅሁ። ያችኑ አንዲት ኮቴን። ከደንኩበት።

መንገድ ላይ አቻምየለሽ አገኘችኝ። «ጋሼ፣ ምን ይዘው ነው?»

«አይታይም!» ብያት አለፍኩ።

እጅጌው ወጥ ጠጥቷል። ግድ የለም፣ ይታጠባል። ሽሮው ግን አንድ ዓይን ሳያርፍበት ደረሰ።