የረግረጎች ጦር ጠንካራ ጎን

ማክሰኞ

«ረግረጎች አይሸነፉም። ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ፤ ጠላት ራሱ ይመጣና ይሰምጣል።»

ይህን ያለው ጠዋት ሻይ ቤት ከጎኔ የተቀመጠ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ለጓደኛው ነው ያወራው፤ እኔ ግን አምኜ ተቀበልኩ። ቁጭ ብሎ መጠበቅ እንደ ጥንካሬ የሚቆጠርበት ቦታ ዕድሜዬን ሙሉ ስፈልግ ኖሬያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቢሯችን አንድ ሰው አንገቱ ወደምትባለው ሩቅ የቡና ከተማ ወርዶ ሦስት ወር የቡና መረጃ ይሰበስባል። እጩዎቹ እኔና ነስረዲን ነን። አለቃችን ወይዘሮ ዓለምነሽ ትናንት ጠዋት ጠርተውን «ተስማሙና እስከ ዓርብ አንድ ስም አምጡልኝ» አሉ። እኔ መሄድ አልችልም። በሚቀጥለው ሳምንት ጎባ ሆስፒታል የእማዬ የዓይን ሞራ ይገፈፋል፤ ጠብታ የሚያደርግላት ከእኔ ሌላ የለም። ነስረዲን የራሱን ምክንያት አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩም።

ዛሬ ራሱ መጥቶ «በጨዋታው ይለይልን» አለ። የተሸነፈ ይወርዳል።

ጨዋታው ያው ተማሪው የሚያወራለት የኮምፒውተር ጨዋታ ነው፤ አስማት አለው፣ ጦር አለው፣ ተራ በተራ ነው። በምሳ ሰዓት አንዱን የቢሮ ኮምፒውተር እንጋራለን። እኔ ስጫወት እሱ ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል፤ እሱ ሲጫወት እኔ አዞራለሁ። ማንም ሰርቆ አያይም። በመሥሪያ ቤታችን ያለ ተቆጣጣሪ በትክክል የሚሠራ አሠራር ይህ ብቻ ነው።

እሱ ሳያስብ ፈረሰኞቹን ወሰደ። ለመሪ ፈረሰኛውም «ዳማ» ብሎ ስም አወጣለት፤ የአባቱ ፈረስ ስም ነው። እኔ ረግረጎቹን፣ የጭቃውን ጦር፣ ወሰድኩ። ነስረዲን አየኝና «አሞሃል?» አለ።

ረቡዕ

መጥፎ ቀን። ፈረሰኞቹ ሁለት መንደር ወሰዱብኝ። የእኔዎቹ በአንድ ተራ ሁለት እርምጃ ይሄዳሉ፤ እሱንም እያጉረመረሙ።

ጠዋት ተማሪውን ሻይ ቤት አግኝቼ ስለ ረግረጎቹ ጠየቅኩት።

«ጋሼ፣ ያ እኮ የድሮው ነው» አለኝ። «ጨዋታውን ሲያድሱት አዳከሟቸው።»

የቢሮው አዲሱ ነው። ነስረዲን ራሱ ነው የጫነው። ከተጀመረ በኋላ ደግሞ ጦር መቀየር አይቻልም።

«ምን ቀረላቸው?»

ብዙ አሰበ። «ጭጋግ።»

«እሱስ አልተቀነሰም?»

«ትንሽ።»

እጅ አልሰጥም። ከሰዓት በኋላ የሠራተኛ ምዘና ቅጽ አወጣሁ፤ ሌላ የመመዘኛ ዘዴ አላውቅም። ቅጹ በኦሮምኛ ነው፣ እኔ በአማርኛ ሞላሁት፤ ጦሩ ቅር አላለውም።

ጠንካራ ጎን፦ አይቸኩሉም። ጭጋግ ያወርዳሉ። ጭቃ ውስጥ አይሰምጡም። ያለ ትእዛዝ አይንቀሳቀሱም (በትእዛዝም ብዙ አይንቀሳቀሱም)።
ደካማ ጎን፦ የቀረው ሁሉ።
ሊሻሻል የሚገባው፦ አመራሩ።

ማታ ከሥራ በሚኒባስ ጎባ፣ ቤት ስደርስ እማዬ በደህና ዓይኗ በኩል አየችኝና «አንገቱ ትሄዳለህ ወይ?» አለች።

«አልሄድም።»

«ማን አለ?»

«ረግረጎች።»

«ይባረኩ» አለች።

ሚኒባስ ውስጥ የመጣልኝን ሐሳብ ደግሞ ሳልረሳው ልጻፍ። ቅጹ ስለ ራሴ ጦር ብቻ ነው የሚጠይቀው። ዛሬ ነስረዲን ሦስት ቀስተኞቹን ጫካ ውስጥ ትቷቸው ሄደ፤ ዞሮም አላያቸው። አንድ የቆሰለ ፈረስ ግን ሁለት ተራ አባክኖ ካምፑ ድረስ መልሶ ወሰደ። እዚህ ያደገ ሰው ፈረስ ጥሎ አይሄድም። ይህ በጨዋታው መመሪያ ላይ አልተጻፈም፤ ስለዚህ ሲያድሱትም አልቀነሱትም።

ሐሙስ

ዛሬ ማለቅ ነበረበት፤ የነገ ምሳ ሰዓት የነስረዲን ጁምዓ ነው። ገና ስንጀምር መብራት ጠፋ። ሩብ ሰዓት ጠበቅን። መጠበቅ ለእኔ ወገን ልምምድ ነው።

ያለኝን ጭጋግ ሁሉ ወንዙ መሻገሪያ ላይ አወረድኩ። ዳማ እንደ ልማዱ ከፊት ቀድሞ ገባና ተያዘ። አልገደልኩትም። ከበብኩትና ተራዬን ጨረስኩ። ምሽጌን ባዶ ትቻለሁ፤ ምሽግ የያዘ ያሸንፋል፤ ለፈረሰኛ የአንድ ተራ መንገድ ነው።

ወደ መስኮቱ ዞሬ ስጠብቅ ከኋላዬ በኦሮምኛ «ፈርዳ ኮ» ሲል ሰማሁት። ፈረሴን።

«ምሽግህ ባዶ ነው» አለ ቀጥሎ።

«ነው።»

«ዳማን ትቼ ልግባ?»

«መንገዱ ክፍት ነው።»

«ወላሂ አንተ ሰው አይደለህም» አለና ሳቀ። ከዚያ ፈረሰኞቹን አንድ በአንድ ወደ ጭቃው አስገባቸው፤ ዳማን ለማውጣት። አንዱም አልወጣም።

አሸነፍኩ። እጄን ጨበጠኝና «እማማን ሰላም በልልኝ» ብሎ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ። ለረግረጎቹ ቅጹ ላይ «በጣም ከፍተኛ» ሞላሁ። ለአመራሩ ትንሽ ቀነስኩ። ሰው በሚወደው ነገር አጥምዶ መያዝ በየትኛው ጎን እንደሚጻፍ አላወቅኩም።

ዓርብ

ነስረዲን ጁምዓ ሄዷል። ወይዘሮ ዓለምነሽ ዘንድ ብቻዬን ገባሁ። ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፦ እንዴት በሰፊው እንደተወያየን፣ እንዴት እንደተግባባን።

«ተስማምተናል፤ ነስረዲን ይሄዳል» አልኳቸው።

«አውቃለሁ እኮ» አሉና ፋይሉን አዙረው ሰጡኝ። «ይልቅ እናትህን እግዜር ይማርልህ።»

በነስረዲን እጅ የተጻፈ ማመልከቻ ነው። አንገቱ እሱ እንዲላክ ይጠይቃል። ምክንያት፦ የባልደረባዬ እናት የዓይን ሕክምና።

ገቢ የሆነው ሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። ጨዋታውን የጀመርነው ማክሰኞ ነው።