የምስራን ጄሶ ማን ፍቱ አለ?

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ነስረዲን፤ ሐይቅ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላህ። እንዴት ሰነበቱልኝ? ጤናዎ፣ ከብቱ፣ አዝመራው እንዴት ነው? የእማ ጉልበትስ ብርዱን ቻለው? እኔና ጠይብ ለነፍሳችን አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ምስራን ግን ደህና ናት ብዬ አልዋሽዎትም፤ ይህን የምጽፈውም ተናድጄ ነው። ንዴቴ ከአክብሮቴ ቢቀድም ዐፉ ይበሉኝ።

እንደሚያውቁት የልጄ የጭን አጥንት ከተወለደች ጀምሮ ከዳሌዋ ጉድጓድ ውጭ ነበር። ሐኪም ቤት በማደንዘዣ አስተኝተው መለሱላትና ከወገቧ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጄሶ አሰሩላት፤ ጊዜው ሲደርስ እኛው እንፈታዋለን አሉን። እርስዎ ይህን ሲሰሙ «ልጅ እንደ ሌባ ትታሰራለች? ወጌሻ ይያት» ብለው በአክስታችን ልጅ በኢስሀቅ ላኩ። እሱም ከእናንተ ዘንድ ጭኖ የመጣውን ጤፍ እህል በረንዳ እንኳ ሳያራግፍ መልእክትዎን ለጠይብ አደረሰ። ባሌ ደግሞ የታላቅ ቃል አይታጠፍም ብሎ፣ እኔ በርበሬ ተራ ስውል ወጌሻ አስገባ። ሰውየው ጄሶውን በሙቅ ውሃ አርሶ ፈታው፤ ቅቤ ቀብቶ እግሯን ጎተተው። ጩኸቷን የሰማሁት ገና ከሰፈሩ መግቢያ ነው። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ማለት ይህ ነው! ወጌሻ የወለቀ ይመልስ ይሆናል፤ የምስራ ግን መግቢያው ጉድጓድ ራሱ ጠልቆ አልተሠራም። በጄሶ ተይዞ ነበር እኮ ቀስ እያለ የሚሠራው!

በማግስቱ ይዘናት ስንሄድ የሚጠብቀን ቁጣ መስሎኝ ነበር። የአጥንት ሐኪሙ፣ የሕፃናት ሐኪሟ፣ ፊዚዮቴራፒስቷ፣ ነርሷና ቤተሰብ የምታማክረው እስከዳር አንድ ጠረጴዛ ከበው ስለ አንዲት የበርበሬ ቸርቻሪ ልጅ ተማከሩ። አጥንቱ ተመልሶ ወጥቷል፣ አሁን ጄሶ ብቻ አይበቃም፣ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል አለ ሐኪሙ። ፊዚዮቴራፒስቷ ከዚያ በኋላ እንዴት አድርጋ እንደምታራምዳት ነገረችን። ጊዜው ካለፈ ግን ዕድሜ ልኳን ታነክሳለች። ጠይብ ይህን ሁሉ ሰምቶ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ጋሼ ነስረዲንን ሳንጠይቅ አይሆንም።»

ያኔ እስከዳር ወደ ሁለታችንም እያየች፣ በዚህች ልጅ ጉዳይ የሚወስነው ማን ነው ብላ ጠየቀች። በቤታችን ይህ ተጠይቆ አያውቅም፤ መልሱ ሁልጊዜ እርስዎ ነበሩ። «እኔ እናቷ ነኝ፤ ፈቅጃለሁ» አልኩ። ጠይብ አቀረቀረ፤ እምቢ ግን አላለም። ሰኞ ለቀዶ ጥገናው ትገባለች። ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ነገሩ ያለቀ ነውና፣ የምለምንዎት ፈቃድዎን ሳይሆን ዱዓዎን ነው።

እማን ጉልበታቸውን ይሳሙልኝ። ልጆቹን አንድ በአንድ ናፍቃችኋለች ይበሉልኝ። ባለቤትዎን አስያን እንኳን አላህ በሰላም ገላገለሽ ይበሉልኝ። ሕፃኑን ስትጠቀልለው እግሩን ቀጥ አድርጋ እንዳታስረው፤ ዳሌ ያበላሻል ብለውኛል፣ እንደ ልቡ ይንፈራገጥ። ይህን ደግሞ ማንንም ሳትጠይቅ ታድርገው።

እህትዎ ጠሂራ
መርካቶ፣ አንዋር መስጊድ ሰፈር
ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.